የሴቶች ቅርጫት ኳስ ጥሎ ማለፍን መዳኘት፦ ግፊያውን ከመጀመሪያዎቹ 5 ደቂቃዎች መያዝ

ባሕር ዳር ውስጥ የሴቶች ጥሎ ማለፍ በዳኝነት ጭቅጭቅ ሲበላሽ ደጋግሜ አይቻለሁ። አካሄዱ ሁሌም አንድ ነው። በመጀመሪያው ኳርተር (የጨዋታው ሩብ) ዳኛው «ትንሽ ይጫወቱ» ብሎ ዝም ይላል። በሦስተኛው ክርን መሰንዘር ይጀመራል። በአራተኛው ዳኛው ይደነግጥና ለነካ ሁሉ ይነፋል። ያኔ ሁለቱም ቡድኖች ተበደልን ይላሉ። እውነታቸውን ነው።

ይህ መመሪያ በሁለት ዳኛ፣ በሲሚንቶ ሜዳ፣ በፊባ (በዓለም አቀፉ የቅርጫት ኳስ ፌዴሬሽን) ሕግ ለሚዳኙ ነው። ደረጃዎቹን በቅደም ተከተል ሂዱ። በተለይ ደረጃ 5ን ሳትይዙ ወደ ሜዳ አትግቡ።

ከመጀመራችሁ በፊት፦ ሁለት ነገር አስተካክሉ

«ሴቶች ናቸው፣ አይጎዳዱም» የሚለውን ተዉ። ይጎዳዳሉ። «ሴቶች ስለሆኑ ትንሽም ሲነካኩ ይነፋ» የሚለውንም ተዉ። የፊባ ሕግ ለሴቶች የተለየ የንክኪ መለኪያ የለውም።

ሁለተኛው ከስልክ የሚመጣ ስህተት ነው። ብዙዎቻችሁ የአሜሪካውን የሴቶች ሊግ፣ ዳብሊው ኤን ቢ ኤን፣ በአጭር ቪዲዮ ታያላችሁ። ማየቱ ጥሩ ነው፤ ሕጉን ግን አታምጡ። እዚያ ተጫዋች የምትወጣው በ6 ፋውል ነው። እኛ ጋ በ5 ነው። እዚያ አሰልጣኝ ውሳኔ በቪዲዮ ይታይልኝ ማለት ይችላል። እኛ ሜዳ ላይ ስክሪን የለም። ያላያችሁት አመለጠ ማለት ነው። ስለዚህ የት እንደምትቆሙና ምን እንደምታዩ ቀድማችሁ ማወቅ አለባችሁ።

ደረጃ 1፦ አንድ ቀን ሲቀር

1. አብሯችሁ ለሚዳኘው ደውሉ። «ነገ እንገናኝ» ብላችሁ አትዝጉ። ማን ዋና፣ ማን ረዳት እንደሆነ ተነጋገሩ። ከቅርጫቱ ሥር የሚቆመው ዳኛ ግፊያውን እንዲይዝ፣ ከኋላ የሚከተለው ኳስ የያዘችውንና ወርዋሪዋን እንዲይዝ ተስማሙ።
2. ሁለት ፊሽካ ያዙ። ቢቻል ውስጡ ኳስ የሌለው ይሁን። ኳስ ያለው አቧራና ምራቅ ሲገባበት በጭንቅ ሰዓት ይታፈናል።
3. ኳሱን ጠይቁ። ለሴቶች ቁጥር 6 ነው። ቁጥር 7 የወንዶች ነው። ሜዳ ላይ የተገኘው ሁሉ ቁጥር 7 ሆኖ ጨዋታ ሲዘገይ አይቻለሁ። አንድ ቀን ቀድማችሁ ብትጠይቁ ከዩኒቨርሲቲው ከፔዳም ከፖሊም ግቢ ተለምኖ ይመጣል።
4. ጠመኔ፣ 4 ሜትር ገመድ፣ ፕላስተር እና ጥፍር መቁረጫ ቦርሳችሁ ውስጥ ይግባ። ለምን እንደሆነ ቀጥሎ ታያላችሁ።

ደረጃ 2፦ ሜዳውን አዘጋጁ

ሕጉ ዳኞች ከጨዋታው 20 ደቂቃ በፊት ሜዳ ላይ እንዲገኙ ይላል። ለእኛ ሜዳ 20 ደቂቃ አይበቃም። አንድ ሰዓት ቀድማችሁ ድረሱ። ባጃጅ እስክታገኙ ያለውንም ጊዜ አስቡ።

መጀመሪያ ሜዳውን በእግር ዙሩት። ክረምት ከሆነ ውኃ የሚያቁሩትን ቦታዎች ፈልጉ። በበጋ ደግሞ አሸዋው ነው የሚያንሸራትተው። ያስጠርጉ። የሚያንሸራትት ሜዳ ላይ የትኛዋ እንደተገፋች፣ የትኛዋ እንደተንሸራተተች ለመለየት ትቸገራላችሁ። የቅርጫቱን ምሰሶም እዩ። ስፖንጅ ከሌለው አሮጌ ፍራሽም ቢሆን ይታሰርበት።

ቀጥሎ ከቅርጫቱ ሥር ያለችውን ግማሽ ክብ ፈልጉ። ብዙ ሜዳ ላይ ቀለሟ ለቋል፤ አንዳንዱ ላይ ጭራሽ አልተሳለችም። እዚያች ውስጥ የቆመች ተከላካይ ላይ አጥቂዋ ብትጋጭ የአጥቂ ፋውል አይነፋም፤ አጥቂዋ እጇን ወይም እግሯን ያለአግባብ ካልተጠቀመች በቀር። ስለዚህ ክቧ መታየት አለባት። እንዲህ ሥሯት፦

- ገመዱ ጫፍ ላይ ጠጠር እሰሩና ከቀለበቱ መሃል ወደ መሬት ልቀቁት። ጠጠሩ ያረፈበት ላይ ነጥብ አድርጉ።
- ገመዱ ላይ 1.25 ሜትር ለኩና ጠመኔውን እዚያ ያዙ።
- አንድ ሰው ነጥቡ ላይ ገመዱን ይያዝ፤ እናንተ ከፊት በኩል ግማሽ ክብ ዙሩ።

10 ደቂቃ አይፈጅም። እሁድ ከሰዓት ይህችን መስመር ባለመሥራት የሚነሳው ጭቅጭቅ ግን አመት ሙሉ ይወራል።

በመጨረሻ ፀሐዩን እዩ። ከቀኑ 10 ሰዓት ሲሆን ፀሐይ ወደ ምዕራብ ስለምታዘቀዝቅ ዓይናችሁ ውስጥ የምትገባበት ቦታ ይኖራል። የት እንደሆነ ቀድማችሁ ቆማችሁ አረጋግጡ። የጣና ንፋስም በዚያ ሰዓት ይነሳል፤ አቧራውንም ይዞት ይመጣል።

ደረጃ 3፦ ተጫዋቾችን እዩ

ይህን በማሟሟቂያው ሰዓት፣ በጨዋነት፣ አምበሏ ባለችበት አድርጉ።

ጥፍር፦ ማጠር አለበት። ረጅም ጥፍር ያላትን መቁረጫውን ስጧት። የፊት ጭረት አብዛኛውን ጊዜ ከክፋት ሳይሆን ከጥፍር ነው የሚመጣው።

ጌጥና የፀጉር ማስያዣ፦ ጆሮ ጌጥ፣ ቀለበት፣ አምባር ይውለቅ። ሹሩባ ጫፍ ላይ ያለ ዶቃና ብረት ማስያዣም እንዲሁ። «ትንሽ ናት» የሚለውን አትቀበሉ።

ማተብ፦ እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። አንዲትን ልጅ በሰው ፊት «ማተብሽን አውልቂ» አትበሉ። ሰው ሲሰማው ምን እንደሚመስል ታውቁታላችሁ። አደጋው ብረቱ መስቀልና የሚንጠለጠለው ክር ነው። እኔ የማደርገው ይህን ነው፦ መስቀሉን ለምታምነው ሰው እንድትሰጥ አምበሏን አነጋግራለሁ፤ ክሩ ማሊያዋ ሥር ገብቶ በፕላስተር ይለጠፋል። እስካሁን እንቢ ያለችኝ የለችም።

ሂጃብ፦ ፊባ ከ2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ፈቅዷል። ፊቷን መሸፈን የለበትም። አንገት ወይም ፊት አካባቢ የሚከፈትና የሚዘጋ ነገር፣ የሚንጠለጠል ጫፍም አይኑረው። የቡድኑ ተጫዋቾች የሚጠቀሙበት ሁሉ አንድ ወጥ ቀለም ይኑረው። ስፒል ካለበት አስወግዱ። «አይፈቀድም» ብሎ ልጅ የመለሰ ዳኛ ሕጉን አላነበበም።

ደረጃ 4፦ ከአምበሎችና ከአሰልጣኞች ጋር ሁለት ደቂቃ

ሁለቱን ቡድኖች አንድ ላይ ጥሩ። ለየብቻ ካነጋገራችሁ የማይሆን ጥርጣሬ ይነሳል። ንግግራችሁ አጭር ይሁን። እኔ የምለው ይህን ነው፦

«ከቅርጫቱ ሥር በክንድ መግፋትን ከመጀመሪያው ደቂቃ እነፋለሁ፤ መጨረሻም ላይ ያው ነው። የምትወረውር ልጅ እግር ሥር መግባትን ዝም አልልም። ጥያቄ ካለ አምበሏ ትምጣ፤ ኳስ ቆሞ እመልሳለሁ።»

«እሽ ዳኛ» ይሏችኋል። ይበቃል። ስለ ስፖርታዊ ጨዋነት ረጅም ምክር አትጨምሩ።

ማስጠንቀቂያ፦ የማትፈጽሙትን ቃል አትናገሩ። «አንዲት ቃል የተናገረች ትወጣለች» ብላችሁ ሳታስወጡ ከቀራችሁ፣ ከዚያ በኋላ የምትሉትን ማንም አይሰማም።

ደረጃ 5፦ የመጀመሪያዎቹ 5 ደቂቃዎች

ጥሎ ማለፍ የሚያዘው እዚህ ነው። ተጫዋቾች በነዚህ ደቂቃዎች ይፈትኗችኋል። ክፋት የለውም፤ ድንበሩ የት እንደሆነ እየፈለጉ ነው። ያሳለፋችሁት ሁሉ የተፈቀደ ይሆናል።

መለኪያው መንካት አይደለም። ንክኪው ምን ወሰደባት? ሚዛኗን? ፍጥነቷን? አቅጣጫዋን? ከወሰደ ፋውል ነው። ተነካክተው ሁለቱም ሥራቸውን ከቀጠሉ ተዉት። እያንዳንዷ ተጫዋች ከቆመችበት ቦታ ወደ ላይ ያለው የእሷ ነው፤ ሲሊንደር የሚባለው ይህ ነው። ፊት ለፊት እስከ መዳፏ፣ ከኋላ እስከ መቀመጫዋ፣ በጎን እስከ እጇና እግሯ ውጫዊ ጠርዝ ድረስ። ማን የማንን ቦታ እንደገባ ጠይቁ፤ መልሱ ይመጣል።

ከመጀመሪያው ጀምሮ ማለፍ የሌለባቸው አምስት ናቸው።

አንደኛ፣ ከቅርጫቱ ሥር ማፈናቀል። ረጅሟ ልጅ ጀርባዋን ሰጥታ ኳስ ትጠብቃለች። ተከላካይዋ ክንዷን ወገቧ ላይ አሳርፋለች። እጁን አትመልከቱ፤ እጅ ሁሌም አለ። የአጥቂዋን ጫማ ተመልከቱ። የቀኝ ጫማዋ መስመሩን ረግጦ ነበር። ሲሚንቶው ላይ «ሽርርት» የሚል ድምፅ ትሰማላችሁ፤ ጫማው አሁን አንድ ስንዝር ወጥቷል። እግሯን አላነሳችም። ተገፍታ ነው የሄደችው። ንፉ። አጥቂዋም በመቀመጫዋ እየገፋች ተከላካይዋን ካንሸራተተች፣ ያው ነው፤ ንፉባት።

ሁለተኛ፣ ኳስ በምትነዳዋ ላይ እጅ ማሳረፍ። አንዴ መዳፍ ነክቶ መነሳት አለ። ሁለት እጅ ማሳረፍ፣ አንድ እጅ አሳርፎ አብሮ መሄድ፣ ደጋግሞ መንካት ግን ይነፋል። ይህን በመጀመሪያው ኳርተር ሁለት ጊዜ ብትነፉ እጆቹ ይሰበሰባሉ።

ሦስተኛ፣ የሚንቀሳቀስ ስክሪን (የተቃራኒን መንገድ በሰውነት መዝጋት)። ስክሪን የምታደርገዋ ሁለት እግሯ መሬት ላይ ሆኖ መቆም አለባት። ከኋላ ለቆመች ተጫዋች ስክሪን ከሆነ አንድ እርምጃ ያህል ቦታ ትተው። ለምትሮጥ ከአንድ እስከ ሁለት እርምጃ። ዳሌዋን ወይም ጉልበቷን አውጥታ ካስቀረቻት ፋውል ነው።

አራተኛ፣ በሪባውንድ (ሳይገባ የተመለሰ ኳስ ሲሻሙ) ከጀርባ መግፋት። እዚህ ብዙዎች ይሳሳታሉ። ረጅም ስለሆነች በላይዋ ዘልላ ኳሱን የወሰደች ልጅ ምንም አላጠፋችም። ጥያቄው የፊተኛዋ ወደ ፊት ተወርውራለች ወይ ነው።

አምስተኛ፣ የወርዋሪ ማረፊያ። ዘልላ የወረወረች ልጅ ስትነሳ ባዶ የነበረ ቦታ ላይ የማረፍ መብት አላት። እግሯ ሥር የገባ እግር ቁርጭምጭሚት ይሰብራል። አንድ የግማሽ ፍጻሜ ላይ ይህ አምልጦኛል። ልጅቷ ከጥግ ወረወረች። ኳሱን ተከትዬ አንገቴን ወደ ቅርጫቱ አዞርኩ። ስመለስ መሬት ላይ ናት፣ እግሯን ይዛለች። ምን እንደሆነ አላየሁም። ከዚያ ቀን ወዲህ ወርዋሪዋ ሁለት እግሯ መሬት እስኪነካ ዓይኔን ከእሷ አላነሳም። እናንተም አታንሱ። ኳሱ መግባቱን ጠረጴዛ ላይ ያሉት ይጽፉታል፤ ጓደኛችሁም ያየዋል።

እንዴት ልይ?

ተከላካይዋን እዩ። አጥቂዋ ምን እንደምታደርግ ሁሉም ያያል፤ ተከላካይዋ ቀድማ ቆማ እንደነበር የምታዩት ግን እናንተ ናችሁ። ሁለቱ ተጫዋቾች መሃል ያለው ክፍተት እንዲታያችሁ ሁለት እርምጃ ወደ ጎን ውጡ። ቆማችሁ እዩ፤ ስትሮጡ ዓይናችሁም ይዘልላል። ንክኪው ሲጀምር፣ ሲቀጥል፣ ሲያልቅ ጠብቁና ንፉ። ግማሽ ሰከንድ መዘግየት ነውር አይደለም።

ግጭት ሲሆን ሁለት ጥያቄ ብቻ፦ ተከላካይዋ ፊቷን ወደ አጥቂዋ አዙራ ሁለት እግሯን መሬት አስነክታ ነበር? አጥቂዋ ከመነሳቷ በፊት? ሁለቱም አዎ ከሆነ እና ግጭቱ ደረቷ ላይ ከሆነ ጥፋቱ የአጥቂዋ ነው።

ደረጃ 6፦ ነፍታችሁ አሳውቁ

1. አንዴ፣ ጠንከር አድርጋችሁ ንፉ። የተጨበጠ እጃችሁን ቀጥ አድርጋችሁ አንሱ።
2. አትሩጡ። ቦታው ላይ አንድ ሰከንድ ቁሙ። ተጫዋቾቹ ቢፋጠጡ እዚያው ናችሁ።
3. ጠረጴዛው በግልጽ ወደሚያያችሁ ቦታ ሂዱ። ቁጥሯን በእጅም በድምፅም፣ ከዚያ የፋውሉን ዓይነት፣ ከዚያ ቅጣቱን።
4. መዝጋቢዋ እስክትጽፍ ጠብቁ። በኳርተሩ የቡድኑ 5ኛ ፋውል ከሆነ ሁለት ነፃ ውርወራ ነው። ቁጥሩን በየጊዜው ጠይቁ።

ችግር ከመጣ፦ ሁለታችሁም ነፍታችሁ አንዱ የተከላካይ፣ ሌላው የአጥቂ ፋውል ለማለት ቢነሳ ትልቅ ጣጣ ነው። ለዚህ ነው እጅ አንስቶ መቆም የሚጠቅመው። የፋውሉን ምልክት ከማሳየታችሁ በፊት ተያዩ። ቅርብ የነበረው፣ ጨዋታው ወደ እሱ እየመጣ የነበረው ይወስናል።

ደረጃ 7፦ ሲካረር

ንዴት አንዴ ቱግ ካለ በፊሽካ ብቻ አይበርድም። ቀድማችሁ ግቡ። ሁለት ልጆች በተከታታይ ሲነካኩ ካያችሁ፣ ኳስ በቆመበት ሰዓት ቀስ ብላችሁ ጠጋ በሉና «9 ቁጥር፣ እጅሽን አየሁት፤ ይብቃ» በሉ። በስማቸው አትጥሩ፤ ታውቃታለህ ይባላል። ካልሰማች ለአምበሏ ንገሩ። ከዚያ በኋላ ንግግር የለም።

ስፖርታዊ ያልሆነ ፋውል መቼ? ኳስ ለመጫወት እውነተኛ ሙከራ ከሌለበት። ኳስ ፈልጋም ቢሆን ንክኪው ከልክ በላይ ከባድ ከሆነ። ፈጣን ጥቃትን ለማስቆም ብቻ ያለ አስፈላጊነት ከያዘች። ከፊቷ ተከላካይ የሌለባትን ወደ ቅርጫቱ የምትሄድ ልጅ ከኋላ ወይም ከጎን ከመታች። ቅጣቱ ነፃ ውርወራ ሲሆን ኳሱም ለተመታው ቡድን ይመለሳል። ሁለት እንዲህ ያለ ፋውል፣ ወይም ሁለት ቴክኒካል (ያለ ንክኪ የሚሠራ የሥነ ምግባር ጥፋት)፣ ወይም ከሁለቱ አንድ አንድ ያለባት ከጨዋታ ትወጣለች።

ማስጠንቀቂያ፦ በመጀመሪያው ኳርተር የመጣን ከባድ ፋውል «ገና ነው» ብላችሁ ወደ ተራ ፋውል አታውርዱት። ያቺ አንዲት ውሳኔ ናት ቀሪውን የምታበርደው።

ጸብ ከተነሳ፦ አንዱ ዳኛ በድምፅና በሰውነቱ መሃል ይግባ፤ ተጫዋች ግን አይያዝ። ሌላው ወደ ኋላ ይሽሽና ቁጥር ይያዝ። ተጠባባቂ ወንበር ላይ የነበረች ተጫዋች የወንበሩን ክልል ለቃ ከገባች ትወጣለች። ማን ጀመረ፣ ማን ገባ፣ ማን መለሰ፤ ይህን ሳይዙ ሁለቱም ዳኞች ገላጋይ ከሆኑ፣ በኋላ የሚጻፍ ነገር አይኖርም።

ደረጃ 8፦ የመጨረሻዎቹ 2 ደቂቃዎች

በ1ኛው ኳርተር ፋውል ያላችሁት አሁንም ፋውል ነው። ያሳለፋችሁትንም አሁን አትንፉ። ይህን መጠበቅ ከባድ ነው፤ ተመልካቹ ከመስመሩ ጫፍ ቆሞ ይጮሃል። ያም ሆኖ ሌላ መንገድ የለም።

ትልልቆቹም እዚህ ላይ ነው የሚነታረኩት። ጥቅምት 10 ቀን 2017 ዓ.ም. በዳብሊው ኤን ቢ ኤ ፍጻሜ 5ኛ ጨዋታ፣ 5.2 ሰከንድ ሲቀር ሚኒሶታ ሊንክስ 2 ነጥብ ይመራ ነበር። በኒው ዮርክ ሊበርቲዋ ብሪያና ስቱዋርት ላይ ፋውል ተነፋ። ሊንክስ ጠየቁ፤ በቪዲዮ ታየ፤ ውሳኔው ጸና። ሁለቱን ነፃ ውርወራ አግብታ 60 ለ 60 ሆነ፣ ሊበርቲ በተጨማሪው ሰዓት 67 ለ 62 አሸነፈ። በመስከረም 2018 ዓ.ም. ደግሞ ግማሽ ፍጻሜ ላይ ተቃራኒው ሆነ። በጨዋታው ማብቂያ ሰከንዶች የሊንክሷ ናፊሳ ኮሊየር ኳስ ስትነጠቅ በተፈጠረ ንክኪ ቁርጭምጭሚቷ ተጎዳ፤ ፊሽካ አልተነፋም። የሊንክስ አሰልጣኝ ሼሪል ሪቭ ሜዳ ገብታ ተቃወመች፤ ከጨዋታው ወጣች፣ ቀጣዩንም ተቀጣች። አንዱ ላይ ተነፋ፣ አንዱ ላይ አልተነፋም፤ ሁለቱም ላይ የተነሳው ቅሬታ ግን አንድ ዓይነት ነበር፦ ቀኑን ሙሉ የነበረው መለኪያ ይህ ነበር ወይ? ለእናንተም የሚቀርበው ጥያቄ ይህ ነው።

በእነዚህ ደቂቃዎች ሆነ ተብሎ የሚደረግ ፋውልን ለዩ። ሰዓት ለማቆም ኳሱን ፈልጋ እጅ የመታች ተራ ፋውል ነው። ኳሱን ሳታይ ከኋላ ማሊያ የሳበች ስፖርታዊ ያልሆነ ነው። ኳሱን ከመስመር ውጭ የምታስገባዋ ገና ሳትለቀው ሜዳ ውስጥ ያለች ተከላካይ ፋውል ከሠራች ደግሞ ሕጉ ለብቻው ቅጣት አለው፦ አንድ ነፃ ውርወራና ኳስ።

ያላያችሁትን አትንፉ። ልጅ ወድቃ፣ ሜዳው ጮሆ፣ አሰልጣኙ እጁን ዘርግቶ እያለ መንፋት ያጓጓል። መውደቋን እንጂ መመታቷን ካላያችሁ ፊሽካው አፋችሁ ውስጥ ይቆይ። የተጎዳች ከሆነ ጨዋታውን በጉዳት አቁሙ፤ ያ ሌላ ውሳኔ ነው።

ደረጃ 9፦ ስትሳሳቱ

ባልታሰበ ነፍታችሁ ከሆነ፦ ኳሱ ለቅርጫት ተወርውሮ አየር ላይ ከነበረ ቢገባ ይቆጠራል። ካልሆነ ኳሱን ይዞ ለነበረው ቡድን በቅርብ ቦታ ስጡ። እጃችሁን ደረታችሁ ላይ አድርጋችሁ «የእኔ ስህተት ነው» በሉ። ሰው ይቀበላችኋል።

ነፃ ውርወራ ያልተገባው ቡድን ወርውሮ ከሆነ፦ ሰዓቱ ተነስቶ ጨዋታው አንዴ ከቆመ በኋላ ኳሱ እንደገና ወደ ጨዋታ እስኪገባ ድረስ ማረም ይቻላል። ካለፈ አለፈ።

የነጥብ ወይም የፋውል ቁጥር ከተሳሳተ፦ ዋናው ዳኛ ወረቀቱ ላይ እስካልፈረመ ድረስ ይታረማል።

ደም ካያችሁ፦ ወዲያው አስወጡ። ደሙ ቆሞ ቁስሉ ሙሉ በሙሉ ሳይሸፈን አትመለስም። የተጎዳች ልጅ በ15 ሰከንድ ገደማ ካልተነሳች ወይም ሕክምና ከተደረገላት ትቀየር።

ደረጃ 10፦ ካበቃ በኋላ

ወደ ጠረጴዛው በቀጥታ ሂዱ። ፋውሎቹን፣ ነጥቡን፣ የወጣችውን ልጅ ቁጥር አንድ በአንድ አረጋግጡ። ረዳት ዳኛው ቀድሞ ይፈርማል፤ ዋናው በመጨረሻ። ተቃውሞ ማስመዝገብ የሚፈልግ ቡድን አምበሏ በ15 ደቂቃ ውስጥ ለዋናው ዳኛ ታሳውቅና ትፈርም። ይህን መብት በቁጣ አትከልክሉ፤ ብዕሩን ራሳችሁ ስጧት።

ከሜዳ ስትወጡ ሁለታችሁ አንድ ላይ ውጡ። ከተመልካች ጋር ስለ ውሳኔ አትከራከሩ፤ ባጃጅ ውስጥም እንዲሁ፣ ሹፌሩ የአንዷ ወንድም ሊሆን ይችላል። ልጅ አስወጥታችሁ ከሆነ ሪፖርቱን በዚያው ምሽት ጻፉ፦ ኳርተር፣ የቀረው ሰዓት፣ ቁጥር፣ ያያችሁት ብቻ። ከዚያ ለጓደኛችሁ ደውሉና ያመለጣችሁን ሦስት ንክኪ ንገሩት። እሱም የእሱን ይንገራችሁ። ቀጣዩ ጨዋታ ላይ መጀመሪያ የምትፈልጉት እነዚያን ስድስቱን ነው።